ግዛቸው የማያውቀው ነገር

ግዛቸው ነገረ መለኮት ተምሮ አዋሳ በገባ በወሩ የሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት ትእዛዝ ታሸገ። ቀን ቀን ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ እየሠራ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ምሥራቅ ሰፈር እትዬ ገበያነሽ ቤት ምእመናኑን በድብቅ ያስተምር ጀመር። ግሪክኛ ስለሚያውቅ እያንዳንዱን ቃል ሲፈታ ትምህርቱ ይረዝማል።

አንድ ማክሰኞ እትዬ ገበያነሽ፣ «ኤርትራ የዘመተው ልጄ በሕይወት ይኖር ይሆን?» ብለው ጠየቁ።

ከተሰበሰቡት አንዱ ሽበሺ ዐይኑን ጨፈነ። «አለ! ጌታ አሳይቶኛል» አለና ልጆች ወደ አገራቸው ይመለሳሉ የሚል ጥቅስ አነበበ።

ግዛቸው ጥቅሱ ስለ ባቢሎን ምርኮኞች እንደሆነ በዝርዝር አስረዳ። ትክክል ነበር። እትዬ ገበያነሽ አለቀሱ።

«ታዲያ አንተስ ምን ትላለህ፣ ወንድም ግዛቸው?» አሉት።

ግዛቸው መጽሐፉን አጠፈ። «አላውቅም፣ እትዬ» አለ። «ግን አብሬዎት እጸልያለሁ። ልጅዎ ማን ይባላል?»

«ሙሴ።»

ያን ያህል ጊዜ እዚያ ቤት ሲያስተምር ስሙን ጠይቆ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ እየመጣ አብሯቸው ጸለየ። በዓመቱ ሙሴ በክራንች መጣ።

«ብያችሁ ነበር!» አለ ሽበሺ።

ግዛቸው ስለ ጥቅሱ የሚለው ነበረው። ነገር ግን ሙሴን ደግፎ የቤቱን ደረጃ እያስወጣው ነበር።