የእትየ ፋጡማ የውሃ ካርድ

ልጅ ሳለሁ፣ ደሴ ብርዷን ስታወርድብን፣ ሆጤ በነበረችው ጠባብ ቤታችን ሁላችንም የከሰሉን ምድጃ ከበን እንቀመጥ ነበር። መብራቱ የማይታመን ስለነበር ኩራዙ ሁልጊዜ አጠገባችን ነው፤ ጭሱ አፍንጫችንን ያጠቁረውና ጠዋት ጠዋት እናቴ እየተቆጣች በሻሿ ጫፍ ትጠርግልናለች። ተረት የሚያወሩልን የእናቴ አባት ሸህ ይመር ነበሩ። ሐርቡ ሳሉ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸውና ተረታቸውም ሁልጊዜ አንድ የሚነካው ሰው አያጣም።

ያኔ የሚነካው አባቴን ነበር። አባቴ አስተማሪና የቀበሌያችን ሊቀመንበር ነው። ከስብሰባ አምሽቶ ይገባና ቀይ ሽፋን ያላቸውን መጽሐፎቹን ዘርግቶ ስለ ንድፈ ሐሳብ ያነባል። አያቴ «ይኸ መጽሐፍ ዝናቡ መቼ እንደሚመጣ ይናገራል?» እያሉ ያሾፉበታል፤ እሱም ይስቃል። እኔ ግን እኮራበት ነበር፤ አሁንም ልደብቀው አልፈልግም።

የምኮራበትም ምክንያት ነበረኝ። በበጋ የሰፈራችን ቦኖ፣ የጋራ የውሃ ቧንቧችን፣ የሚከፈተው ጠዋት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር። ቀድሞ ጉልበትና ዘመድ ያለው የሰው የውሃ ካርድ ሰብስቦ ይቀዳል፤ እንደ እትየ ፋጡማ ያሉ፣ ልጅም ወንድምም የሌላቸው ባልቴቶች ባዶ እንስራቸውን ይዘው ይመለሳሉ። አባቴ እንደተሾመ ደንብ አወጣ፦ ለእያንዳንዱ ቤት ሁለት ጀሪካን፣ ባለካርዱ ወይም አብሮት የሚኖር ሰው ራሱ ካልመጣ አይቀዳም። ወረቀቱን ቦኖው ግድግዳ ላይ ለጠፈው። እትየ ፋጡማ በዚያ ሳምንት አባቴን ባገኙት ቁጥር እየመረቁ መንገድ ላይ ያቆሙት ነበር።

አንድ ምሽት አያቴ ስለ አንድ አዲስ ሹም አወሩልን። ሹሙ ቦርከና ወንዝ ዳር ሲደርስ፣ አሻጋሪው ሰውን አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እያዞረ ሲያሻግር ያያል። «ቀጥ ያለው መንገድ አጭር መሆኑን አልተማርክም?» ይለዋል። አሻጋሪውም «እኔስ ተምሬ ነበር ጌታዬ፤ ያልተማረው ወንዙ ነው» አለው። ሹሙ አልሰማም፤ በቅሎውን ቀጥ አድርጎ ነዳት፣ ኮርቻዋ ብቻ ታች ቀበሌ ተገኘ። እኛ በሳቅ ስንፈርስ አባቴ ከመጽሐፉ ቀና አለ።

«አባባ፣ ያ አሻጋሪ ዘመዶቹን አስቀድሞ ድሃውን ዳር ላይ ቢተወውስ? ደንብ ያስፈለገው ለዚያ እኮ ነው» አላቸው።

አያቴ ፍሙን ቆስቆስ አደረጉና «እሱስ እውነትህን ነው» አሉ። ተረታቸው ሲመለስባቸው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ እትየ ፋጡማ ታመው ሰነበቱና አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ በሱብሒ ሶላት ሰዓት አረፉ። ቅሬው፣ ሐዘን ሲደርስ የሚረዳዳው የሰፈሩ ማኅበር፣ ወዲያው ተሰበሰበ። ወንዶቹ መቃብር ሊቆፍሩ ወጡ፤ ሴቶቹ ሬሳውን ሊያጥቡ ገቡ። ውሃ ግን በእሳቸውም በጎረቤትም ቤት አልነበረም። የራሳቸው ተራ እስኪደርስ ሰልፉ ረጅም ነበርና ሴቶቹ በእትየ ካርድ ቀድመው ለመቅዳት ቢጠይቁ የቦኖው ዘበኛ ወረቀቱን አሳያቸው፤ ባለካርዷ ራሷ ካልመጣች አይቀዳም። ጭቅጭቁ ሲበረታ ፈራና ቦኖውን ጭራሽ ቆለፈው።

እኔ ከእናቴ ጋር ሰልፍ ላይ ነበርኩ። አባቴ ተጠርቶ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። «ኮሚቴው ተሰብስቦ ይወስን» አለ።

«ልጄ፣ ሬሳ ስብሰባ አይጠብቅም» አሉት አያቴ ከቅሬው ሰው መሃል ወጥተው።

«ዛሬ ለአንድ ሰው ካፈረስኩት ነገ ማን ይሰማኛል? ደንቡን ስንት ነገር አይቼ ነው ያወጣሁት!»

«ለማን ብለህ ነበር ያወጣኸው?»

አባቴ ወደ እትየ ቤት ዞሮ ተመለከተ።

«ለእሷ አልነበረም ወይ? ወላሂ፣ ለእሷ ነበር!»

አባቴ ወረቀቱን አየው፣ ሰልፉን አየው። ከዚያ ቁልፉን ከዘበኛው ተቀብሎ ራሱ ከፈተ፤ የመጀመሪያውንም ጀሪካን በትከሻው ተሸክሞ ሄደ። እናቴ ስታለቅስ እኔም አለቀስኩ። እትየ ፋጡማ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበሩ።

በማግስቱ ከወረቀቱ ግርጌ በእጁ «ሐዘን የገባበት ቤት ባለካርድ አይጠየቅም፣ ተራም አይጠብቅም» ብሎ ጨመረበት። ብዙም ሳይቆይ ያለ ፈቃድ ደንብ ለውጠሃል ተብሎ ወደ በላይ አካል ተጠራ። ያኔ ተጠርቶ የቀረ ብዙ ነበርና ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስንም። አመሻሽ ላይ ገባ፤ ሊቀመንበርነቱን ቀምተው ለቀውታል።

«ማን ፈቀደልህ ሲሉኝ፣ ሟቿ አልኳቸው» አለ፤ አያቴ ተነስተው ግንባሩን ሳሙት።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሹም አይቻለሁ፤ መጽሐፉን ብቻ የሚያውቅም፣ ሰዉን ብቻ የሚያውቅም። ሁለቱን ባንድ ሰው ሳይ ግን አባቴ ይመጣብኛል። ከተሻረ በኋላ ጠዋት ጠዋት እኛን ይዞ ቦኖው ዘንድ ይሰለፍ ነበር። ሰዉ አዝኖለት «መምህር፣ ይለፉ፣ ይቅደሙ» ሲለው፣ ጀሪካኑን ከሁሉም ኋላ ያስቀምጥና «አልሐምዱሊላህ፣ ቤቴ ሐዘን አልገባም» ይል ነበር።