ከሬክስዴል እስከ ጅዳ በአንድ ትራንስፈር

እሑድ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ሬክስዴል

ሽማግሌ የሆንኩት በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነው። ሹመቱን በጥበቤ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ፤ በሽበቴ ነው። ቶሮንቶ ያለው ሐበሻ ከጥቂቱ በቀር ስደተኛ ነው፣ ስደተኛውም ከጥቂቱ በቀር ጎረምሳ። ሚስት የሚያስጠይቅ ሞልቷል፣ የሚላክ ሽማግሌ ግን የለም። ስለዚህ ጆሮ ግንዱ ላይ ነጭ ጸጉር የታየበት ሰው ከፋብሪካ ተጠርቶ ካፖርት ይለብሳል። ደሴ ሳለሁ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፣ እዚህ ካርቶን አሽጋለሁ፣ እሑድ እሑድ ደግሞ እንግዲህ ሽማግሌ ነኝ።

ላኪያችን ሰይድ ይባላል። የወሎ ልጅ ነው፤ ኤርፖርቱ አጠገብ ለአውሮፕላን ምግብ የሚያዘጋጅ ኪችን ውስጥ ትሪ ያጥባል። የሚፈልጋት ዘህራ ቶርንክሊፍ ፓርክ ከወላጆቿ ጋር ትኖራለች። ሁለቱ ተስማምተዋል። የቀሩት አባቷ ሐጂ መሐመድኑር ናቸው። አርባ ዓመት ጅዳ የኖሩ ሰው ናቸው፣ ችግሩም እሷው ጅዳ ናት። ከእኛ በፊት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ተልኮ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ሐጂ እንግዶቹን አስቀምጠው፣ የጅዳን ታሪክ ከጥንቱ ግንብ እስከ ዛሬው የባሕር ዳር መናፈሻ ተርከውላቸው፣ ሻይ አጠጥተው ሸኟቸው። ጉዳዩን ለመናገር ፋታ ያገኘ የለም። የመጀመሪያዎቹ እንዲያውም «ደግ ሰው ናቸው፣ ብዙ ነገር ተማርን» እያሉ ነው የተመለሱት።

ሦስተኛው የመጨረሻ ነው። ቤተሰቡ በበጋው ካልጋሪ ወዳለው ወንድ ልጃቸው ሊዛወር ነው፣ ዘህራም አብራ ትሄዳለች። ሰይድ ትናንት ማታ ቤቴ መጥቶ «ነገም ካልሆነ እተወዋለሁ፣ ከዚህ በላይ አልዋረድም» አለኝ። አንጀቴን በላኝ።

አንድ ሰዓት፤ ዌስተን

እኔና ሰይድ እዚህ ጋሽ ይመርን አገኘናቸው። እሳቸው የእውነት ሽማግሌ ናቸው፤ ከኮምቦልቻ አሰብ ከባድ መኪና ሲነዱ ኖረው አሁን የሚኖሩበትን ሕንፃ ያጸዳሉ። ሦስተኛው ሽማግሌ ሌሊቱን ኮል አድርጎ «ኦቨርታይም ተገኘ፣ በጸሎት አብሬያችሁ ነኝ» ብሏል። ሽማግሌ በጎዶሎ ቁጥር ነው የሚላከው ብዬ ስጨነቅ ጋሽ ይመር ሽበቴን አዩና አንተን እንደ አንድ ተኩል እንቆጥርሃለን አሉኝ።

ለምን በዚህ ጨለማ እንደተነሳን ብጠይቃቸው ተቆጡ። ሽማግሌ ማልዶ ነው የሚሄደው፣ ሰውዬው ከቤቱ ሳይወጣ። በእሑድ፣ በኅዳር፣ በዚህ ብርድ፣ ሱቁ ሁሉ በሕግ ዝግ በሆነበት ከተማ ሐጂ ወዴት እንደሚወጡ አልነገሩኝም። ቀጥለው ጣታቸውን አነሱ።

«ሁለት ነገር ልንገርህ። ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። መልስ ሳይሰጠን አንቀምስም። የፊተኞቹ የወደቁት ወንበር ላይ ነው።»

ማልኩላቸው።

አማች ከሽማግሌ ጋር አይሄድም። ሰይድ ግን ቤቱ መቀመጥ አልቻለም፣ ስለዚህ አውቶቡሱ ላይ የመጨረሻው ወንበር ላይ ሆኖ እንደማያውቀን ሰው በመስኮት ያያል። ሾፌሩ ቀይ ጢም ያለው ወሬኛ ነው። የመሳፈሪያዋን ቶከን ጥለን፣ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ያለ ሌላ ክፍያ የምታሻግረውን ወረቀት፣ ትራንስፈራችንን፣ ስንቀበል ሙሉ ልብሳችንን አይቶ ቤተ ክርስቲያን ነው ወይ አለን። እኔ ክርስቲያን፣ ጋሽ ይመር እስላም፤ ምን እንበለው? ለአንድ ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ወደ አባቷ እየሄድን ነው አልኩት። ፊቱን አዙሮ አየን።

«ስልክ የላቸውም?» አለ።

ጋሽ ይመር አስተርጉመው ከሰሙ በኋላ እስከ ባቡር ጣቢያው ድረስ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሁለት ሰዓት፤ የባቡር ጣቢያው በር

ዝግ። የምድር ውስጥ ባቡሩ እሑድ የሚጀምረው ሦስት ሰዓት ላይ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ማልዶ መሄድ የሚለው ነገር ሲነሳ ግን ሁላችንም ረሳነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆምን። እኔና ጋሽ ይመር በሩ ሥር፣ ሰይድ መንገዱን ተሻግሮ ከአንድ የባንክ ግድግዳ ሥር፣ አሁንም እንደማያውቀን ሆኖ። በረዶው ከጫማዬ ገብቶ ካልሲዬን አራሰው። ቁርስ አልበላሁም። ጋሽ ይመር እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከትተው ስለ አሰብ ሙቀት አወሩልኝ፣ አልጠቀመኝም።

አራት ሰዓት፤ ቶርንክሊፍ ፓርክ

ባቡር፣ ከዚያ እንደገና አውቶቡስ፣ ያችው ትራንስፈር። ሕንፃዎቹ በክብ ቆመዋል፣ በየበረንዳው የተሰጣው ልብስ ደርቆ ቆሟል። ሰይድን ክፍት በተገኘችው አንዲት ዶናት ቤት ትተነው ወደ ዘጠነኛ ፎቅ ወጣን።

ሐጂ ራሳቸው ከፈቱ። ቀጭን፣ ነጭ ጀለቢያ ላይ ሹራብ የደረቡ፣ ስልሳን ያለፉ ሰው። ግቡ፣ ተቀመጡ አሉን። ጋሽ ይመር እንዳጠኑት ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፣ ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ሐጂ ምንም አልከፋቸውም።

«እንግዲያው ቆማችሁ እዩት» አሉና ወደ ግድግዳው መሩን።

ጅዳ፤ ዘጠነኛ ፎቅ

ግድግዳው ላይ ትልቅ ያረጀ ፎቶግራፍ አለ። ግንብ፣ በግንቡ ውስጥ ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ ቤቶች፣ መስኮታቸው ሁሉ በተፈለፈለ እንጨት የተሸፈነ። ሐጂ በጣታቸው እየነኩ ጀመሩ። ድንጋዩ ከባሕሩ ውስጥ ተቆርጦ የወጣ ነው። እሳቸው ለሐጅ ከምጽዋ በጀልባ ሲሻገሩ ግንቡ ገና አልፈረሰም። ስንቃቸው አልቆ ቀሩ፤ የከተማው ሰው ሁሉ አመጣጡ እንዲሁ ነው። የሐድረመውቱ፣ የሕንዱ፣ የቡኻራው፣ የሱዳኑ፣ የሐበሻው፤ ሐጅ ሊያደርግ መጥቶ የቀረው ነጋዴ ሆነ፣ ነጋዴው ልጅ ወለደ፣ ልጁ የአገሬው ሰው ተባለ።

እስከዚህ ድረስ ቆመናል። ጋሽ ይመር ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ሐጂ» ሲሉ ያ ክፉ አመሌ መጣብኝ። የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ያ ሁሉ ሰው፣ ወንዝ በሌለበት በረሃ!

«ውሃስ ከየት ታገኙ ነበር?» አልኩ።

ሐጂ ፊታቸው በራ። ይሄማ ተቆሞ የሚነገር አይደለም ብለው ምንጣፉ ላይ አረፍ አሉ፣ አልበም ከፈቱ። አልበሙን ለማየት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ጎንበስ አልኩ። ከዚያ እግሬ እንዴት እንደታጠፈ እግዜር ይወቀው፣ ራሴን መከዳ ላይ አገኘሁት። ጋሽ ይመር ከላይ ያዩኝ አስተያየት እስከ አሁን ያቃጥለኛል። ብቻቸውን ቆመው መቅረት አይሆንምና እሳቸውም ተቀመጡ።

ውሃው የጉድጓድ ነው፣ ጨው ጨው ይላል። በኋላ ባሕሩን አፍልቶ የሚያጣራ ማሽን መጣ። ከማሽኑ እየቀዱ በአህያ በርሜል በየቤቱ ከሚሸጡት አንዱ የባለቤታቸው የእትዬ ሐሊማ አባት ነበሩ፣ እሳቸውም ሐበሻ። ከዚያ ነዳጅ ተገኘ፣ ግንቡ ፈረሰ። ሐጂ ወደብ ላይ ተሸካሚ ሆነው ጀምረው የተሸካሚ አለቃ ሆኑ። ገንዘቡ ሲበዛ መርከቡ በዛ፣ መርከቡ ሲበዛ ወደቡ ጠበበ። መርከቦች ተራ ጥበቃ ባሕር ላይ ወራት ይቆሙ ነበር፤ ሲሚንቶው በሄሊኮፕተር ሲወርድ በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያም በየአደባባዩ ሐውልት ተተከለ፣ አንዱ ፎቅ የሚያህል ብስክሌት ነው። እናታችን ሐዋ፣ እኛ ሔዋን የምንላቸው፣ ጅዳ ተቀብረዋል ስለሚባል፣ ብስክሌቱ የአዳም ነው እያሉ ይቀልዱ እንደነበር ነገሩን። ሳቅን። ጋሽ ይመር እንኳ ሳቁ፣ ወዲያው ግን ደነገጡ።

በዚህ መሃል እትዬ ሐሊማ ትልቅ ሰሐን ይዘው ገቡ። እኔ ይህችን ሰዓት ፈርቻት ነበር። የእስላም ሥጋ አልበላም፤ ሰው ሳላስቀይም የምናገረውን ቃል ባቡሩ ላይ አጥንቼ መጥቻለሁ። ሰሐኑ ሲከፈት ግን ዓሣ ነው፣ በሩዝ ላይ የተጋደመ፣ ሽንኩርቱ ጠቆር እስኪል የተጠበሰ። ዓሣ የማንም አይደለም፣ ሁሉም ይበላዋል። የቀይ ባሕር ሰዎች ስለሆኑ ነው ብዬ ዕድሌን አመሰገንኩ። ጋሽ ይመር ጎኔን ጎሰም አድርገው «እንዳትቀምስ» አሉኝ በሹክሹክታ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በባዶ ሆዴ ነኝ፤ በላሁ። እሳቸው ጥርሴን ያመኛል ብለው አመካኝተው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ታሪኩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ የሐጂ ድምፅ ወረደ። ከዓመታት በፊት የውጭ ሰው ሁሉ ከፊል ይኑረው ተባለ፤ ከፊል ማለት ዋስ የሚሆን የአገሩ ሰው ነው። ቆይቶ የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ የሳቸው ዋስ ሥራውን ዘጋ።

«መሥሪያ ቤት ሄድኩ» አሉ። «ወረቀት የሚቀበለው ልጅ፣ እኔ ስገባ አባቱ እንኳ አልተወለደም፣ ከፊልህ ማን ነው አለኝ። ግንቡ ሳለ በሩ ክፍት ነበር። ግንቡን አፍርሰው በወረቀት ዘጉት።»

ያኔ ነው ጋሽ ይመር ተነስተው የቆሙት። እኔም ተነሳሁ። ልጅዎን ዘህራን ለልጃችን ለሰይድ ብለን መጥተናል አሉ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ሐጂ አልበሙን ዘጉ። ልጁ ትሪ አጣቢ መሆኑን ሰምተዋል። አባቱን አያውቁም፣ ዘመድ የለው፣ እዚህ አገር ከመጣ ሁለት ዓመት አይሞላውም።

«ማን ያውቀዋል? ዋሱ ማን ነው?» አሉ።

የምለውን ሳላስብ አፌ ቀደመኝ።

«ሐጂ፣ ያ ወረቀት የሚቀበለው ልጅም እኮ እንዲሁ ነው ያለዎት።»

ፊታቸው ጠቆረ። አበላሸሁት፣ ሰይድን ገደልኩት አልኩ በልቤ። ጋሽ ይመር አያዩኝም። ከወጥ ቤቱ በር እትዬ ሐሊማ በጨርቅ እጃቸውን እየጠረጉ ነበር።

«ለአንቱስ እኔን ሲያገቡ ማን ዋስ ሆነልዎ?» አሉ ባላቸውን።

ሐጂ ፊታቸውን ወደ ወጥ ቤቱ በር መለሱ።

«አባትሽ።»

«ምንዎን አይቶ?»

«ምንም» አሉ ሐጂ። ከዚያ ወደ ፎቶግራፉ ዞረው ቀና ያለውን ክፈፍ እንደገና ቀና አደረጉት። ሲመለሱ፣ ከወንድ ልጃቸው ጋር እንደሚመክሩና ከሁለት እሑድ በኋላ እንድንመለስ ነገሩን። ይህን ቃል ሽማግሌ ሆኖ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ እንቢ የሚል ሰው ቀጠሮ አይሰጥም። በር ላይ ስንደርስ ደግሞ በመስኮቱ ወደ ታች እያመለከቱ «ያንን ልጅ በሚቀጥለው ጊዜ ዶናት ቤት አታስቀምጡት፣ ይበርደዋል» አሉ።

ስምንት ሰዓት፤ ዶናት ቤት

ሰይድ አራት ባዶ የቡና ኩባያ ከፊቱ ደርድሯል። ጋሽ ይመር ቀጠሮውን ነገሩት። እኔ ደግሞ በዚያች አንዲት ቃሌ ሐጂን እንዴት እንደረታኋቸው፣ ግንቡን እንዴት እንዳፈረስኩት ላስረዳው ጀመርኩ። ሰይድ አቋረጠኝ።

«ምን አበሉህ?»

«ዓሣ።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ይሳቅ ያልቅስ መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ነገረን። አርብ ዕለት ዘህራ ደውላለት ነበር፤ ከሚመጡት ሽማግሌዎች መካከል ክርስቲያን አለ ወይ ብላ እናቷ አስጠይቃታለች። አንድ አለ ብሏታል። ለፊተኞቹ ሽማግሌዎች የቀረበው ሻይ ብቻ ነበር።

ጋሽ ይመር ዶናታቸውን አስቀመጡ።

«መልሱ ያ ዓሣ ነበራ» አሉ። «እኔ ሳልቀምሰው!»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፤ ወደ ሬክስዴል

ትራንስፈራችን ጊዜዋ ካለፈ ቆይቷል፣ እንደገና ቶከን ከፈልን። ሰይድ ሲመለስ ከኋላ አልተቀመጠም፤ በሁለታችን መካከል ተጣቦ ተቀመጠ። ከባቡር ጣቢያው የወሰደን ሾፌር ያው የጠዋቱ ባለ ቀይ ጢም ነው። በመስታወቱ አየንና እንዴት ሆነ፣ በስልክ አይቀልም ነበር አለን።

«ተደውሎ ነበር» አልኩት፤ «አርብ ዕለት።»