አባቴ የሻረው ርግማን

የጥንት የእንግሊዝ ተውኔት አባቶች ልጅ ለመካድ ምክንያት አይቸግራቸውም። አንድ ወሬኛ በጆሯቸው ሹክ ካላቸው በቃ፣ ልጁ ይረገማል፣ ከቤት ይባረራል። ይሄስ እሺ፣ አውቀዋለሁ። እኔን የሚያንጨረጭረኝ መጨረሻው ነው። አባትየው ይጸጸታል፣ ልጁ ይንበረከካል፣ ምርቃቱ ይወርዳል፣ ተመልካቹ ያለቅሳል። እኔ ኦስሎ፣ ፉሩሴት ሰፈር ውስጥ ነው ያደግኩት፤ የተጸጸተ አባት አላየሁም።

የኔው አባት በአረጋውያን መጦሪያ የሚሠራ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። የነርስነት ትምህርቴን ትቼ ቴአትር ልማር ነው ስለው፣ እራት ላይ፣ እናቴ ፊት፣ «የያዝከው ሁሉ አይባረክ። ከእንግዲህ ልጅህ ነኝ እንዳትለኝ» አለኝ። ፈተና በመጣ ቁጥር ራሴ ላይ እጁን ጭኖ ይጸልይልኝ የነበረ ሰው፣ ከዚያ ወዲህ እጄን እንኳ ጨብጦኝ አያውቅም። ቃሉን እንዲያነሳልኝ ጠበቅኩ። አላነሳም።

ዘንድሮ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ወደ ኖርዌይ ቋንቋ የተመለሰ አንድ የድሮ የእንግሊዝ ተውኔት ሠራን። የሚባረረውን ልጅ ሆኜ የተጫወትኩት እኔ ነኝ። እናቴ አባቴን እየጎተተች አመጣችው። ተንበርክኬ ሳለሁ፣ አባት የሆነው፣ ጢም የተለጠፈለት ጓደኛዬ እጁን አንስቶ፣ የነካሁት ሁሉ እንዲደርቅ ረገመኝ። ይሄኔ ከተመልካቹ መሃል አንድ ሰው ብድግ አለ።

«በኢየሱስ ስም ይሻር!»

በአማርኛ። አባቴ ነው። ጸሎት ላይ እንዳለ ሁሉ እጁን ወደ መድረኩ ዘርግቶ፣ «ይሻር። በዚህ ልጅ ላይ አይሠራም» ይላል። እናቴ ኮቱን ትጎትታለች። ባለጢሙ ያነሳውን እጅ አወረደ። ሰዉ የተውኔቱ ክፍል መስሎት አጨበጨበ።

አንጀቴ አረረ። አፍሬ አይደለም። ከተለጠፈ ጢም ሥር የወጣ ርግማን ለመሻር እንዲህ የሚፈጥን ሰው፣ የራሱን ለመሻር ምላሱን ማን ያዘው?

ስንመለስ፣ ባቡሩ ብሪን የተባለውን ሰፈር እንዳለፈ ወደ አባቴ ዞርኩ። ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም።

«አባዬ፣ የመድረኩን ሻርክ። ያንተንስ ማን ይሻረው?»

እናቴ አቀረቀረች።

«ናይ፣ አይደለም፣ ያ ሌላ ነው» አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ። «እሱ ልጅ እኮ ምንም አላጠፋም።»

ፉሩሴት ስንደርስ የባቡሩ በር ተከፈተ። እነሱ ወረዱ። እኔ አልተነሣሁም።