አማቴ አልቀመጥበትም ያሉት ወንበር

መቐለ ውስጥ እንጨት የሚቆርጥ ሞልቷል፤ እንጨት የሚያጎብጥ ግን እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። እሺ፣ ለመኩራራትም ነው። በዚህ ዕድሜዬ ትሕትና ብጀምር ማንም አያምነኝም።

ያስተማረኝ ሰው የለም። ከወሎ ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ወጣት ሆኜ፣ ሲሚንቶ ለመሸከም ነው። ገበያው ውስጥ ከዘራ የሚሸጥ አንድ ሰው ነበር። እጀታውን እንዴት እንደሚያጎብጠው ብጠይቀው «በጸሎት» አለኝ። እኔም ወይራ ፈልጌ፣ ቅቤ ቀብቼ፣ ረመጥ ውስጥ ቀበርኩት። የመጀመሪያው ከሰለ። ሁለተኛው ጉልበቴ ላይ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ያሉትን አልተናገርኳቸውም፣ ዛሬም አልናገራቸውም። አንድ ቀን ግን እንጨቱ ከረመጡ ወጥቶ እጄ ውስጥ እሺ አለ። ዝም ብሎ ዞረ። ሰውየው ከዘራዬን አይቶ «ማን ነገረህ?» ሲለኝ «በጸሎት» አልኩት።

ከዘራ ግን ለእኔ አነሰኝ። አንድ የተጣለ የናፍጣ በርሜል አገኘሁ። ውኃ ሞልቼ ከሥሩ እሳት አነደድኩ፤ ከአፉ ረጅም የብረት ቱቦ አወጣሁ፤ እንጨቱን ቱቦው ውስጥ ከትቼ በጨርቅ ወተፍኩት። እንፋሎቱ እስከ ልቡ ድረስ ሲያለሰልሰው ቶሎ መዝዤ አወጣውና፣ ሳንቃ ላይ በተከልኳቸው ችንካሮች ዙሪያ አዞረዋለሁ። ከዚያ አስሬው እስኪደርቅ እጠብቃለሁ። ሌላ አገር ይህንኑ በፋብሪካ እንደሚሠሩት የሰማሁት በኋላ ነው። እነሱም ከእኔ አልሰሙም፣ እኔም ከእነሱ አልሰማሁም፤ ስለዚህ እኩል ነን።

ባለቤቴ በርሜሉን ጣውንቴ ትለዋለች። ሓድነት ሰፈር ያለው ቤታችንና የሥራ ቦታዬ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ሰው መጥቶ ሲጠይቀኝ «እሷ ጋ ነው» ብላ በእጇ ወደ ጓሮ ታመለክታለች።

እንዲህ ያለ ሰው ቤት ደህና ወንበር አይጠፋም ትሉ ይሆናል። ጠፍቶ ነበር። የሠራሁትን ሁሉ ቫርኒሹ ሳይደርቅ ሰው ይወስደዋል። እኛ የምንቀመጠው ዱካ ላይ ነው፤ ከጉልበት ዝቅ ያለች ባለ ሦስት እግር መቀመጫ። ሌላው፣ ልጆቹ የገዙልን ሶፋ ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ውጦ አያወጣም።

ነገሩ የመጣው የባለቤቴ እናት ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ ጊዜ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሐኪሙ ብረት አስገብቶ አስተካከለላቸውና፣ ከእንግዲህ ዝቅ ያለ ነገር ላይ እንዳይቀመጡ፣ ሲነሱም የሚደገፉት ነገር እንዲኖር አጥብቆ አዘዘ። ባለቤቴ «ከእኛ ጋር ትኖራለች፣ አለቀ» ብላ አልጋ ሳሎን ውስጥ ዘረጋችላቸው። ገጠር ያለው ቤታቸው የጭቃ መደብና ዱካ ብቻ ነው። እዚያ ተመልሰው አንድ ቀን ከዱካ ልነሳ ሲሉ ቢወድቁ የሚያነሳቸው እንኳ የለም።

ስለ አማቴ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያኔ ልጃቸውን እንዲሰጡኝ ሽማግሌ ልኬ፣ ሽማግሌዎቹ ሥራዬን ሲነግሯቸው የጠየቁት ጥያቄ «እንጨት ማቃናት ያቃተው ሰው ነው?» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ፀጉሬ ሸበተ፣ ልጆች ወለድን፣ የልጅ ልጅ አየን፤ እሳቸው ግን ስለ ሥራዬ አንድ መልካም ቃል አልወጣቸውም። እኔ ኣደይ እላቸዋለሁ፣ እናቴ እንደማለት ነው። እሳቸው ሲወዱኝ «ወደይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ብዙ ጊዜ ግን «ይህ ሰውዬ» ነኝ።

እንግዲህ ለእኚህ ሴት ወንበር ልሠራ ተነሣሁ። በልቤ፣ ዘንድሮ አፋቸውን አስዘጋቸዋለሁ አልኩ። መደገፊያው ከአንዱ ክንድ ተነሥቶ በጀርባ በኩል ዞሮ ሌላው ክንድ ላይ የሚያርፍ፣ መጋጠሚያ የሌለው አንድ ወጥ ወይራ ነው። የክንዶቹ ጫፍ መዳፍ እንዲሞላ ወደ ታች ጎንበስ ይላል፣ ሰው ሲነሳ ያንን ጨብጦ ነው። መቀመጫውን በጠፍር ጠለፍኩት። ከፍታውን እሳቸው ተኝተው ሳለ በምርኩዛቸው ለካሁ። በመላጊያ ከላግሁት በኋላ በብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ በጨርቅ፣ ከዚያ በመዳፌ አሸሁት። ከዓዲ ሓቂ ግቢ የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፎቶ አነሱት። አንደኛዋ እንዲያውም «አባባ፣ ትንሽ ዞር ይበሉልን፣ ወንበሩን ከለሉት» አለችኝ። ቅር አላለኝም። ወንበሩ ከእኔ እንደሚያምር እኔም አውቅ ነበር።

ያለቀ ዕለት ነጭ ጨርቅ አለበስኩት። ሳሎን አስገብቼ አማቴ ፊት አቆምኩትና ጨርቁን ገለጥ አድርጌ «እንኳን ደህና መጡ፣ ኣደይ!» አልኩ።

አማቴ ወንበሩን ከላይ እስከ ታች አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ጽቡቕ እዩ» አሉ። ጥሩ ነው ማለት ነው። «ለሚቀመጥበት ይመቸው።»

ይህን ብለው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። በማግስቱም አልጋቸው ጫፍ ላይ ነበሩ። ባለቤቴ ዞር ስትል ዱካ እየሳቡ ይቀመጡና ሲነሱ ያቃስታሉ። ሳምንቱ ሳይሞላ «መኪና ፈልጉልኝ፣ አገሬ ልግባ» አሉ።

ባለቤቴ ጓሮ መጥታ በርሜሉ አጠገብ ቆመች። ወደዚያ ስትመጣ ነገር አለ ማለት ነው።

«እናቴን እንግዳ አደረግሃት» አለችኝ።

«ወንበር ሠርቼ?»

«ወንበር ሠርተህ! እኛ ቤት አንዲት ባለ መደገፊያ ወንበር ነበረች። ጨርቅ ለብሳ ጥግ ትቆማለች። ቄስ ሲመጣ፣ ሩቅ ዘመድ ሲመጣ ጨርቁ ይገለጣል። እንግዳው ተቀምጦ፣ በልቶ፣ ተሸኝቶ ሲሄድ ትሸፈናለች። አባቴ እንኳ ተቀምጦባት አያውቅም። የቤት ሰው ዱካ ላይ ነው። አንተ ጨርቅ አልብሰህ አምጥተህ ፊቷ ገለጥክላት። በዚያ ላይ እንኳን ደህና መጡ አልካት! ምን ቀረህ? የምትሄድበትን ቀን መንገር ብቻ!»

እንጨት ሁሉ የሚታዘዝልኝ ሰው እሳቱን ትቼ ወደ ሳሎን ሄድኩ።

ገብቼ ላስረዳቸው ሞከርኩ።

«ኣደይ፣ እርስዎ እንግዳ አይደሉም።»

«እንግዳ ካልሆንኩ ዱካዬን ስጠኝ።»

«ዱካ ሐኪሙ ከልክሏል።»

«ሐኪሙ የዚህ ቤት ሰው ነው?»

«እሺ፣ ለራሴም አንድ እንደዚህ ያለ ልሥራና አብረን እንቀመጥ።»

«ያኔ ቤቱ ሁለት እንግዳ ይኖረዋል።»

ባለቤቴ የወንበሩን እግር ቆርጬ እንዳሳጥረው ነገረችኝ። ካጠረማ ከዱካው በምን ይለያል? ደግሞም እውነቱን ልናገር፣ ያንን እግር መጋዝ ሲነካው ማየት አልችልም ነበር። ሌላ ዘዴ አሰብኩ። ወንበሩ የቤት ሰው መቀመጫ እንደሆነ ለማሳየት እኔው ራሴ ሄጄ ተንሰራፋሁበት። አማቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ እጅ ነሡኝ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ። ቤተሰብ ደህና ነው? መንገዱ አልከበደዎትም?»

ተነሥቼ ወጣሁ። ባለቤቴ አገሬ ልግባ በማለታቸው ከእናቷ ጋር የተኳረፈች ብትሆንም ወጥ ቤት ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት።

ሳቁ አልቆየም። መኪናው ለቅዳሜ ተቀጠረ። ባለቤቴ የእናቷን ልብስ ስታጣጥፍ፣ አንዱን ነጠላ ሦስቴ ፈትታ ሦስቴ ስታጥፈው በበሩ በኩል አየኋት። እኔም ሥራ አልያዝልህ አለኝ። ዓይኔ የሚያየው ያንን የጭቃ ቤት፣ ያንን ዱካና ከዱካው ለመነሳት የሚንገዳገዱትን ሴት ነው። ምላሳቸው ቢለበልበኝም እዚሁ ሆነው ቢለበልቡኝ ይሻለኛል።

ዓርብ ዕለት ባለቤቴ ገበያ ወጣች። እኔ በሳሎኑ መስኮት ሥር ሳንቃ እልጋለሁ፣ መስኮቱ ክፍት ነው። አማቴን ልትጠይቅ ጎረቤታችን መጣች። በርበሬ የምትነግድ የወሎ ሴት ናት፣ የአገሬ ልጅ። «እንዴት ዋሉ እማ፣ እግርዎ እንዴት ነው?» እያለች ገብታ፣ ባገኘችው ዱካ ልትቀመጥ ጎንበስ አለች።

«ተይ! ተይ!» የአማቴ ድምፅ ነው። «እንግዳ ዱካ ላይ! ሰው ምን ይለኛል? ወንበር እያለ!»

አንገቴን ቀና አድርጌ በመስኮቱ ተመለከትኩ። አማቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ከአልጋቸው ተነሥተዋል። ቀስ እያሉ እስከ ወንበሩ ሄዱና መቀመጫውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። አቧራ አልነበረበትም፣ በየቀኑ የምጠርገው እኔ ነኝ።

«በዚህ ተቀመጪ።»

«እርስዎ ታመው እኔ ወንበር ላይ? ወላሂ አይሆንም!»

«ቤቴ ነው፤ እኔ ያልኩሽ ነው የሚሆነው።»

መላጊያው እጄ ላይ ቆመ። ቤቴ አሉ።

«አፈር ስሆን እማ፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

«ልጄ፣ ይህ እኮ ዝም ብሎ ወንበር አይደለም። ማን እንደሠራው አታውቂም? የልጄ ባል ነው። ኣውሊዕ እንደዚህ ሲታጠፍ አይተሽ ታውቂያለሽ? ወይራ እኮ ነው! እሱ ግን እንፋሎት እያጠጣ እንደ ጨርቅ ያጥፈዋል። በዚህ አገር እንደሱ ያለ የለም። ተቀመጪና እይው።»

ይህን ቃል ለመስማት የጠበቅሁትን ዘመን አስቡት። በርሜሉ ምስክሬ ነው፣ ዓይኔን የሞላው የእንጨት ብናኝ ነው።

የአገሬ ልጅ ግን ከአማቴ የማትተናነስ ናት። በወንበር ሲግደረደሩ ያደጉ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት ትግል ተጀመረ። አንዷ ታስቀምጣለች፣ ሌላዋ ታፈገፍጋለች። በመጨረሻ ጎረቤታችን ሁለት እጇን አማቴ ትከሻ ላይ ጣል አድርጋ፣ «እንግዲህ ሞቴን! እንግዳዬ ነሽ ካሉኝ እንግዳን አያስቀይሙም። እኔ እታች ልቀመጥ፣ እርስዎ የቤቱ እመቤት ነዎት» አለች።

«እንግዲህ ሞቴን ካልሽኝ» አሉ አማቴ፤ ተቀመጡ።

ወሬው ረዘመ። እኔ ሳንቃ የምልግ መስዬ አንዲት ቦታ ብቻ ስለምልግ ሳንቃው እዚያ ጋ ተሰረጎደ። አማቴ ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ተደገፉ። እጃቸው ሳያስቡት የክንዱን ጎባጣ እየተከተለ ይሄድና ይመለስ ነበር፤ የልጅ ራስ እንደሚዳብሱ ዓይነት። እንጨት ሲያምር ሰው በአፉ ሳይሆን በመዳፉ ነው የሚናገረው። ይህን ማንም አላስተማረኝም።

ጎረቤታችን ስትሰናበት አማቴ የክንዶቹን ጫፍ ጨብጠው፣ ማንም ሳይደግፋቸው፣ ሳያቃስቱ ተነሡ። እስከ በሩ ሸኟት። ተመልሰው ደግሞ አልጋውን አልፈው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም፤ ገባሁ።

«ኣደይ፣ ተመቸዎት?»

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«እንጨት ብቻ የምታጎብጥ መስሎኝ ነበር። ጆሮህንም አጉብጠህ መስኮት ላይ አስቀምጠኸዋል።»

«ምንም አልሰማሁም።»

«ካልሰማህ ደግሜ አልናገረውም።»

«እሺ። ነገ ጠዋት መኪናው ሲመጣ ...»

«የምን መኪና?» አሉ ቆጣ ብለው። «እንግዳዬን ዱካ ላይ አስቀምጬ አፈርኩ! እንጨት ሠሪ የተኛበት ቤት አንድ ወንበር ብቻ! ያቺ ሴት እሑድ እህቴን ይዤ እመጣለሁ ብላለች። ምን ላይ ላስቀምጣቸው ነው? ሂድ እንጂ፣ ወደይ፣ ምን ይገትርሃል?»

ሄድኩ። በርሜሉን ሞላሁት፣ እሳት አነደድኩ። በሁለት ቀን የማይደርስ ሥራ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ እሑድ ሴቶቹ ዱካ ላይ መቀመጣቸው አይቀርም። ይህን ለአማቴ ለመንገር ግን ደፋር አይደለሁም።

ባለቤቴ ዘንቢሏን አንጠልጥላ ከገበያ ስትገባ ጭሱን አየች። ፊቷ ጠቆረ።

«እናቴ ነገ ልትሄድ ነው፣ አንተ ዛሬም እሷ ጋ ነህ?»

«ለነገው ሾፌር ደውለሽ ንገሪው፣ አይምጣ።»

«ማን ነው ያለው?»

«የቤቱ እመቤት» አልኳት። «ሳሎን ተቀምጠዋል። ግቢና እይ፤ ግን ወንበሩን አታድንቂ፣ እኔ የነገርኩሽ ይመስላቸዋል።»

ዘንቢሏን መሬት ጥላ ሮጠች። እኔም ወይራውን ቱቦው ውስጥ አስገብቼ በጨርቅ ወተፍኩት።