ቱቦ የሌለው ጎን

በፍልሰታ ጾም፣ ከትንሿ ልጄ ጋር በቆረብን ዕለት፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ቀኝ ጎኔን ወጋኝ። የወር አበባዬ ከቀረ ሰንብቷል፤ ለባለቤቴም ገና አልነገርኩትም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ከማህፀን ውጭ አርግዤ የቀኙን የማህፀን ቱቦ በኦፕራሲዮን አውጥተውልኛል። ስለዚህ የምፈራው ግራዬን ነበር። ቀኙ ሲያመኝ እንዲያውም ቀለል አለኝ። ቱቦ የሌለበት ጎን ምን ይሆናል?

«በባዶ ሆድሽ ስለዋልሽ ነው» አለኝ ባለቤቴ።

ሽሮ ቀመስኩ። ሕመሙ ወደ ትከሻዬ ወጣ። ልነሳ ስል ዓይኔ ጨለመ፤ ያኔ ነገርኩት። ልጃችንን ለጎረቤት ሰጥቶ ባጃጅ ጠራ።

የቃሊቲ መንገድ በከባድ መኪና ተዘግቷል። ባጃጁ በጭቃው ዳር ዳር እየዘለለ አለፈ፤ በዘለለ ቁጥር ጥርሴን እነክሳለሁ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ በአልትራሳውንድ አየኝና «ሆድሽ ውስጥ ደም አለ፤ አሁኑኑ ኦፕራሲዮን» አለ። ነርሷ መርፌ ይዛ ስትመጣ እጄን ሰበሰብኩ።

«ዛሬ ቆርቤያለሁ። ደሜ መፍሰስ የለበትም። ነገ ይሁን።»

«ውስጥ ውስጡን እየፈሰሰ እኮ ነው፣ እህቴ! እኔ ነኝ የማፈሰው?»

ባለቤቴ ለመነኝ፤ እምቢ አልኩ። ሥጋ ወደሙን በተቀበልኩበት ቀን ደሜን ማፍሰስ ከሞት ይልቅ አስፈራኝ። ለንስሐ አባታችን ደውሎ ነገሩን አስረዳና ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረገው።

«ማነው ነገ ይሁን ያለው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ።»

«ነገን ማን ሰጠሽ? ለሕይወት ቆርበሽ ልትሞቺ ነው? እጅሽን ስጫቸው። እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

እጄን ዘረጋሁ።

ስነቃ ሐኪሙ ነገረኝ። የቀኙ ቱቦ ያኔ ሲወጣ ማህፀኔ ላይ ትንሽ ጫፍ ቀርታ ኖሮ፣ ጽንሱ እዚያች ላይ አድጎ ፈነዳች። «ብዙ አያጋጥምም» አለ። «ግራሽ ደህና ነው። ከእንግዲህ ግን የወር አበባሽ ከቀረ፣ የትኛውም ጎን ይመምሽ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ።»

ላጣሁት ጽንስ ያለቀስኩት በኋላ፣ ቤቴ ገብቼ ነው። በነቃሁበት ጠዋት ግን ባለቤቴ ልጃችንን ሆስፒታል አምጥቶ ወደ አልጋዬ አስጠጋት። ፀጉሯን አሸተትኩ።

«እማዬ፣ ትነሻለሽ?»

«እነሳለሁ» አልኳት። ተመስገን።