ሌይማታ ያልጠራችው ስም

ሌይማታ ዜና ስታነብ በዋና ከተማችን በቪላ፣ ገበያ ውስጥ ዋጋ የሚከራከር ሰው እንኳ አይሰማም ነበር። እንግሊዞቹና ፈረንሳዮቹ ባንዲራቸውን አውርደው ከሄዱ ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። ሬዲዮ ጣቢያው ሦስት ክፍል ነበረው። በአንደኛው እኔ ዜናውን በጽሕፈት መኪና እጽፋለሁ፣ በሁለተኛው እሷ ታነባለች፣ በሦስተኛው አለቃችን ካልማቲ ከስልክ ጋር ይጨቃጨቃል።

እኔም ለአንባቢነት ተፈትኜ ነበር። ማይክሮፎኑ ፊት ስቀመጥ ድምፄ ተንቀጠቀጠና ወደ ጽሕፈት መኪናዬ ተመለስኩ። ሌይማታ ግን ከቶንጎዋ ደሴት መጥታ በመጀመሪያው ቀን አገሩን ያዘችው። ገበያ አብረን ስንወጣ እናቶች በቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ትኩስ ላፕላፕ ያስታቅፏታል።

“የእኛ ወፍ! ነይ፣ ይሄን ቅመሺ።” ወደ እኔ ዞር ብለው ደግሞ፣ “አንቺም እዚያው ነሽ? ትጠርጊያለሽ?”

ሸሚዟ ላይ ያሉት ቢጫ ቁልፎች እንኳ ያስቀኑኝ ነበር። እንደዚያው ያሉ ገዝቼ ሸሚዜ ላይ ሰፋሁ፤ ማንም አላየልኝም።

አንድ ምስጢሯን ግን ጣቢያው ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። የሥራ ሚኒስትሩ ሞልታሪ ዋርሳዋ ነው፤ የባሏ ታላቅ ወንድም። በባሏ ደሴት ሴት የዋርሳዋን ስም አትጠራም፤ ብትጠራ ለባሏም ለልጆቿም ነውር ነው። ገና በመጀመሪያው ወር ጠጋ ብላ፣ “እህቴ፣ ስሙ ሲመጣ ‘የሥራ ሚኒስትሩ’ ብለሽ ጻፊልኝ” አለችኝ። እንዳለችኝ ጻፍኩላት። ማንም ሳያውቅ ዓመት አለፈ።

ከዚያ የቆርቆሮው ዜና መጣ። አውሎ ነፋስ ቤታቸውን ለነጠቃቸው ሰዎች የተላከ ቆርቆሮ በሞልታሪ አዲስ ቤት ጣሪያ ላይ ተገኘ። ከቢሮው ተደወለ።

“ጌታዬ፣ የእርዳታው ማኅተም አለበት እኮ፤ ከመንገድ ይታያል” አለ ካልማቲ። “አይ፣ አንተወውም። ድሮ ተዉ የሚሉን ነጮቹ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ እናንተ?” ስልኩን ዘጋውና ወደ እኔ ዞረ። “ጻፊው፣ በቀትር ይነበባል። ነገ ካባረሩኝ ዓሣ አጠምዳለሁ፤ አንቺ ከእኔ ትገዢያለሽ።”

‘የሥራ ሚኒስትሩ’ ብዬ ብጽፍ ይበቃ ነበር፤ ማን እንደሆነ የማያውቅ የለም። በዚያ ጠዋት ግን አንዲት እናት ለሌይማታ የአበባ ጉንጉን አንገቷ ላይ ስታጠልቅላት አይቼ ነበር የገባሁት። ጣቶቼ ‘ሞልታሪ’ ብለው ጻፉ፤ ያውም ሦስት ጊዜ። ወረቀቱን የሰጠኋት ቀዩ መብራት ሊበራ ሲል ነው፣ አስቀድማ እንዳታየው።

በመስታወቱ አየኋት። “ለአውሎ ነፋስ ተጎጂዎች የመጣው ቆርቆሮ የተገኘው በ...” አለችና ቆመች። ሌላ ቃል መተካት ትችል ነበር፤ ድንጋጤው ግን ቃል አላስቀረላትም። አየሩ ላይ ዝምታ ብቻ ሆነ።

“ምን ሆነች? ግቢ እንጂ!” ብሎ ካልማቲ ገፋኝ። እሷ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችልኝ። በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሦስቱንም ቦታ ከነስሙ አነበብኩ።

በማግሥቱ ገበያው ሌላ ወሬ አልነበረውም።

“ሰማችሁልኝ? አፏን አፈኑት!” አለች አንዲት ዓሣ ሻጭ።

“እሷ ግን አልዋሸችላቸውም። ጭጭ ስትላቸው ጊዜ ነው ጨንቋቸው ስሙን ያወጡት፣ የኔ ጀግና!”

“ከዚያ አንዲት አልቃሻ አስገቡ። ማን ናት እሷ?”

“እንጃ፣ ስሙን ስትጠራ ልታለቅስ ምንም አልቀራት፤ የሚኒስትሩ ዘመድ ትሆናለች።”

እኔ ከኋላቸው ጎደሬ እየመረጥኩ ነበር። ‘ዋርሳዋ ስለሆነ እኮ ነው’ ብል ዝናዋ እዚያው ይረግፍ ነበር። ምላሴ ላይ መጣ። ይህን ካልኩ ግን ሰው ሁሉ የዋርሳን ወግ ሲያወራ ይውላል፣ ቆርቆሮውም ይረሳል። ጎደሬዬን ይዤ ሄድኩ።

ጣቢያው ስደርስ ሌይማታ የክፍሌ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

“ሁልጊዜ ‘ሚኒስትሩ’ ነበር የምትጽፊልኝ።”

“አገሩ ስሙን ይስማ ብዬ ነው” አልኳት። መስማቱስ ይገባው ነበር፤ የጻፍኩት ግን ለዚያ አልነበረም።

“እሺ እህቴ” አለች። “ከእንግዲህ ስሙ በመጣ ቁጥር እኔ እነሣለሁ፣ አንቺ ታነቢያለሽ።”

ደስ አለኝ፤ ምን ይደረግ። ቤቴ ባልዲ እንደ ማይክሮፎን ፊቴ አስቀምጬ ስሙን ስለማመድ ሰነበትኩ። በወሩ ሞልታሪ ከሥልጣን ወረደ፣ ቆርቆሮውም ተነቅሎ በጀልባ ለባለቤቶቹ ሄደ። የወረደ ሰው ደግሞ በዜና አይመጣም።