በሞዴሉ ቦታ

ኮሌጃችን ስታዲየም አካባቢ፣ ምድር ቤቱ የስፖርት ልብስ መሸጫ በሆነ ያረጀ ሕንፃ ላይ ነበር። ሥዕል የምንማረው የመጨረሻው ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ጊዜው ዘጠናዎቹ ወደ ማለቂያቸው የተጠጉበት ነው፤ እኔ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ካዛንቺስ ካለው ቤታችን በታክሲ እመጣና ሁልጊዜ ከሌሎቹ ቀድሜ ደረጃውን እወጣለሁ። ትጉህ ስለሆንኩ አይደለም። ደረጃ ስወጣ ከኋላዬ ሰው እንዲኖር ስለማልፈልግ ነው።

ግራ እግሬ ከቀኙ ያጥራል፤ ባቱም ቀጭን ነው። ሕፃን ሳለሁ ልምሻ መቶኝ ነው። ሶሉ የወፈረ ጫማ አደርጋለሁ፤ ጫማው ግን ልዩነቱን ሙሉ በሙሉ አይሞላውም። እናቴ ልብስ ሰፊ ስለሆነች የቀረውን እሷ ትሞላዋለች። ቀሚሶቼን በግራ በኩል ትንሽ አሳጥራ ነው የምትሰፋቸው። አልጋ ላይ ሲዘረጉ ጠማማ ናቸው፤ ስለብሳቸው ግን ጫፋቸው ዙሪያውን እኩል ይሆናል። ስለዚህ ነገር ከእናቴ ጋር ተነጋግረን አናውቅም። ትለካኛለች፣ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፤ እኔም እለብሳለሁ። ቀስ ብዬ ከሄድኩ ማንም አያውቅብኝም ብዬ አምን ነበር።

በዚያ ዓመት ዋናው ትምህርታችን ሰውን ፊት ለፊት አቁሞ መሳል ነበር። መምህራችን ቀጭን፣ ድምፃቸው ወፍራም፣ ኮታቸው ሁልጊዜ የጠመኔ ብናኝ ያለበት ሰው ነበሩ። ስለ ፊት ብዙም አይጨነቁም። "ፊቱን ተዉት፣ ክብደቱ የት ነው ያለው? የትኛው እግሩ ነው የተሸከመው?" ይላሉ። ኪሳቸው ውስጥ ጫፉ ላይ ቡሎን የታሰረበት ክር አለ፤ ግንበኞች ቱንቢ የሚሉት ዓይነት። ሥዕላችን ላይ ከአንገት ሥር ያንጠለጥሉትና ቡሎኑ የተሸከመው እግር ላይ ካላረፈ "ይሄ ሰውዬ ወደቀ" ብለው ያልፋሉ።

የእኔ ሰዎች ሁሉ ይወድቁ ነበር። አንድ ቀን ሦስት ሥዕሎቼን አስደርድረው ካዩ በኋላ "አንቺ ልጅ፣ ሰዎችሽን ማን ደግፎ ያቁምልሽ?" አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጆሮዬ ግን እንደ እሳት ነደደ። ከእግሬ ጋር የተያያዘ ነገር የተናገሩ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ ወደ ሥዕል ሰሌዳዬ በመጡ ቁጥር እጄ ያልበኛል፤ የምስልበት ከሰል ጣቴ ላይ ይሟሟል።

ሞዴላችን በዕድሜ የገፉ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። በቁምጣ ይቆሙልናል፣ ሲጨርሱ ልብሳቸውን ለብሰው "ደህና ዋሉ ልጆቼ" ብለው ይሄዳሉ። አንድ ሰኞ ሳይመጡ ቀሩ። ወንድማቸው ሞቶባቸው አገር ቤት እንደሄዱና ቶሎ እንደማይመለሱ ተሰማ። ኮሌጁ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ አለ፤ መምህሩ ግን መጠበቅ አልፈለጉም።

"ሞዴል እስኪገኝ እናንተው ትቆማላችሁ" አሉ። "በስም ዝርዝሩ፣ በፊደል ተራ። ቁምጣና ካናቴራ፤ ሴቶች ታይት ማድረግ ትችላላችሁ። ጫማ የለም።"

ወንዶቹ ተንጫጩ፤ ሴቶቹ አፋቸውን ይዘው ሳቁ። እኔ "ጫማ የለም" ከሚለው በኋላ የተባለውን አልሰማሁም።

ስሜ በፊደል ተራ ወደ መጨረሻው ነው። ያን ጊዜ ግን መጨረሻ መሆን እንደሚያስጨንቅ ገባኝ። የመጀመሪያዎቹ ቶሎ ተገላገሉ። እኔ ከእኔ በፊት ያሉትን ስሞች ታክሲ ውስጥ ስደጋግም፣ ምሳ ስበላ ስደጋግም ከረምኩ። አንዱ በቀረ ቁጥር ተራዬ የቀረበ መስሎኝ ቆጠራዬን እንደገና እጀምራለሁ። አሞኛል ብዬ ለመቅረት አሰብኩ። ትምህርቱን ትቼ ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ወደሚሠራበት የግራፊክስ ክፍል ለመግባትም አሰብኩ። እዚያ ተቀምጦ ነው የሚሠራው።

አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ጎተራ ኮንዶሚኒየም የምትኖር፣ ወሬ የማያልቅባት፣ ደግ ልጅ ነበረች። የሁሉንም አቋቋም እያየች "እኔስ ተራዬ ሲደርስ ሽንጤን ይዤ ነው የምቆመው፣ በቃ!" ትላለች። እኔን ግን ስለ ተራዬ ጠይቃኝ አታውቅም። ወንዶቹም ደረጃው ላይ ካገኙኝ "አምጪ፣ ሰሌዳሽን ልያዝልሽ" ይሉኛል። ለሴት ልጅ የሚደረግ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ሰሌዳዬን ይዞልኝ የማያውቅ አንድ ልጅ ብቻ ነው፤ ወሎ ሰፈር የሚኖር፣ ከሰው የማይገጥም ልጅ። ኩራተኛ ነው ብዬ አልወደውም ነበር።

ተራዬ ሲቃረብ መምህሩን ከክፍል ውጪ ጠብቄ አገኘኋቸው።

"ቲቸር፣ አንዴ ላናግርዎት?"

"ተናገሪ።"

"ስለ... ስለ መቆሙ ነበር። ማለቴ እኔ... ባልቆም..."

"በእግርሽ ምክንያት ነው?"

እንዲህ በግልጽ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። መሬት መሬት እያየሁ "ማን ነገረዎት?" አልኩ።

"ማንም አልነገረኝም። ሰው እንዴት እንደሚቆም ማየት እኮ ሥራዬ ነው። የተመዘገብሽ ቀን በር ላይ ቆመሽ አይቼሻለሁ።" ከኮታቸው ላይ የጠመኔውን ብናኝ እያራገፉ "ካልፈለግሽ አትቁሚ። ማርክሽም አይነካም። የዚያን ቀን ጠዋት ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላ ሰው እንዲዘጋጅ" አሉኝ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልሆነም። እሳቸው በመጀመሪያው ቀን ካወቁ ሌላስ ማን ያውቃል? ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍል ውስጥ የሚያየኝ ሰው ሁሉ እግሬን የሚያይ መሰለኝ።

ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። ከቀሚሴ ሥር ታይትና ካናቴራ ለብሼ ሄድኩ፤ ልቆም ወስኜ ግን አልነበረም። ጠዋት ለመምህሩ እሺም እምቢም አላልኳቸውም። ስታዲየም ጨዋታ ስለነበረ ሰፈሩ በሕዝብ ተጨናንቋል፤ የጥሩምባው ድምፅ እኛ ክፍል ድረስ ይገባል። መምህሩ ወረቀቱን አይተው ስሜን ጠሩ።

አፌን ሳልከፍት ጓደኛዬ ብድግ አለች። "ቲቸር፣ እሷ ትለፍ። እኔ በሷ ቦታ እቆማለሁ።"

ይሄኔ የሆነውን አልረሳውም። አንድም ሰው "ለምን?" አላለም። ላጲስ የወሰደው ማነው ተብሎ ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ክፍል ዝም አለ። ሁሉም አቀርቅሮ ወረቀቱን ያስተካክላል፣ እርሳስ ይቀርጻል። ያን ጊዜ ሁሉም እንደሚያውቁ አወቅኩ። ሰሌዳ መያዙም፣ ስለ ተራዬ አለመጠየቁም ገባኝ። ፊቴ ጋለ። ማፈር ብቻ አይደለም፣ ተናደድኩም።

"እቆማለሁ" አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ቀጠነ።

ጥግ ላይ ካለው መጋረጃ ጀርባ ገብቼ ቀሚሴንና ጫማዬን አወለቅኩ። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ከመጋረጃው እስከ መቆሚያው ሳጥን ያለው መንገድ አጭር ነው፤ ያለ ጫማ ግን እያነከስኩ፣ ሁሉም እያየኝ ሄድኩት። ሳጥኑ ላይ ወጥቼ ቤት ፎቶ ስነሳ እንደማደርገው ቀኝ ጉልበቴን በትንሹ አጥፌ ትከሻዬን እኩል ለማድረግ ሞከርኩ።

መምህሩ መጡና "አታስተካክዪው" አሉ በዝግታ። "ማንም ሳያይሽ እንደምትቆሚው ቁሚ።"

ቀኝ እግሬን ቀጥ አደረግኩ። ዳሌዬ ወደ ግራ ወረደ፤ የግራ ተረከዜ መሬት ሳይነካ በጣቶቼ ቆምኩ። መምህሩ እግሮቼን ዙሪያውን በጠመኔ አስምረው ሄዱ።

ሞዴል ሆኖ የቆመ ሰው ዞሮ ማየት ስለማይችል ይሰማል። የከሰሉ ድምፅ ወረቀት ላይ ሲሄድ እሰማለሁ። ጭንቅላቴን፣ ትከሻዬን፣ ወገቤን ሲስሉ ድምፁ አይቋረጥም። ወደ ታች ሲደርሱ ግን አንድ በአንድ ይቆማል። እዚህ ጋ ቆመ፣ እዚያ ጋ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እየፈራ ይጀምራል። ልቤ ሲመታ ካናቴራዬን እያንቀሳቀሰው ያዩታል ብዬ ሌላ ጭንቀት ጨመርኩ። በመሃል ስታዲየም ጎል ገባና ሰፈሩ በጩኸት ተናወጠ። የወንዶቹ አንገት በአንዴ ወደ መስኮቱ ዞረ።

"ኳሱን ተዉት!" ብለው ጮኹ መምህሩ።

ሳቄ አመለጠኝ። "አንቺም አትንቀሳቀሺ" አሉኝ።

ዕረፍት ሲባል ቀኝ እግሬ ደንዝዞ ነበር። ነጠላ ወገቤ ላይ ጠምጥሜ ሥዕሎቹን እየዞርኩ አየሁ። የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ሁለቱም እግሮቼ እኩል ናቸው። ሁለተኛውም እንደዚያው። አንዱ ከጉልበቴ በታች አልሳለም፤ አጠገቡ ስቆም "ወረቀት አለቀብኝ" አለኝ ሳያየኝ። የጓደኛዬ ሥዕል ላይ እግሮቼ የመጽሔት ልጅ እግር ይመስላሉ፤ ረጅም፣ ሙሉ፣ ቆንጆ።

የወሎ ሰፈሩ ልጅ ጋ ስደርስ በጥፊ የተመታሁ መሰለኝ። ሁሉም ነገር አለ። የወረደው ዳሌ፣ ቀጭኑ ባት፣ መሬት ያልነካው ተረከዝ። ራሴን ከላይ እስከ ታች እንዲህ አይቼ አላውቅም፤ ቤት ያለው መስታወት እስከ ወገብ ነው።

"እንዲህ ነኝ?" አልኩት።

ደነገጠ። "ማለቴ... ያየሁትን ነው የሳልኩት። ተሳሳትኩ እንዴ?"

"አልተሳሳትክም" አልኩና መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። አለቀስኩ። ለየትኛው ሥዕል እንዳለቀስኩ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ጓደኛዬ መጥታ በሩን ስታንኳኳ "ክፈቺልኝ በናትሽ፣ ምን ላድርግ፣ እንድትከፊ አልፈለግኩም" ትላለች፤ እሷም ታለቅሳለች። አልከፈትኩላትም። ትንሽ ቆይቼ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩና ሁለተኛውን ዙር ቆምኩ። ጠመኔው ስላለ ሌላ ማሰብ አያስፈልግም፤ እግሬን መስመሩ ላይ መመለስ ብቻ ነው።

መጨረሻ ላይ መምህሩ ሥዕሎቹን ግድግዳው ላይ አስለጠፉና ቡሎናቸውን አወጡ። እግሮቹ እኩል የሆኑት ላይ ሁሉ ክሩ ከእግር ውጪ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ወረደ። ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው፤ ከወገብ በላይ እኔን፣ ከወገብ በታች ሌላ ሰው ስለሳሉ ነው። "ይቺ ወደቀች። ይቺም ወደቀች" አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። የወሎ ሰፈሩ ልጅ ሥዕል ላይ ቡሎኑ ቀኝ ተረከዜ ላይ ቆመ። "ይቺ ቆማለች። እጆቿ ግን ማንኪያ ይመስላሉ፤ አስተካክል" አሉት።

ጭንቀቱ ከዚያ ቀን በኋላ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ክፍል ስገባ ከበፊቱ የባሰ አፈርኩ። ከጓደኛዬ ጋር ለጥቂት ጊዜ ሰላምታ ብቻ ሆንን። አንድ ቀን ግን ተራዋ ደርሶ ሳጥኑ ላይ ስትወጣ፣ ያ ሁሉ ፉከራ ጠፍቶ እጇን የት እንደምታደርግ ግራ ገባት፤ ዓይኖቿ እኔን ፈለጉ። እኔም እያየኋት ሽንጤን በእጄ ያዝኩላት። ሳቀች፣ እሷም ያዘች። ከዚያ በኋላ ታረቅን። የዚያን ቀን የሳልኳት ልጅ መጀመሪያ የቆመችልኝ ሰው ነች፤ ያም ቢሆን ለጥቂት ነው።

ሥዕሉን እንዲሰጠኝ የወሎ ሰፈሩን ልጅ ስጠይቀው "ለማርክ ነው፣ ሲመለስልኝ" አለኝ። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ። ቤት ወስጄ እናቴ ልብስ የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁት። ለምን እንዳሳየኋት አላውቅም።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። "ማነው የሳለሽ?"

"የክፍሌ ልጅ።"

"ሴት ናት?"

"ወንድ ነው።"

"በዚህች ታይት ብቻ ወንድ ፊት ቆምሽ?!"

"ክፍሉ ሁሉ ነበር እማዬ፣ መምህሩም ነበሩ።"

ይሄ ጭራሽ አላጽናናትም። ራሷን እየነቀነቀች ቆየች። ከዚያ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። አውራ ጣቷን ቀጭኑ ባት ላይ አሳረፈች፤ ከሰሉ ለቀቀባት።

"ብዙ ቆምሽ?"

"ብዙ።"

"የትኛው ደከመሽ?"

በሕይወቴ እንዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። "ቀኙ" አልኩ።

"እኔማ ሁልጊዜ ግራው የሚያምሽ ይመስለኝ ነበር" አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ። "ብርድ ሲሆንስ?"

"ብርድ ሲሆን ግራው።"

እንዲህ እያልን ሳለ አባቴ ሱቁን ዘግቶ የግቢውን በር ሲከፍት ሰማን። እናቴ ሥዕሉን በፍጥነት ጠቀለለችና የደንበኞቿ ልብስ መሃል ከተተችው። "አባትሽ እንዳያየው፣ በታይት ነሽ" አለች በሹክሹክታ። በማግሥቱ ስፈልገው አጣሁት። "የት አደረግሽው?" አልኳት። "አለ፣ አስቀምጬዋለሁ" አለችኝ። ዛሬም ስጠይቃት የምትመልስልኝ ይህንኑ ነው።